ሆዙ ፈነዳ? ራሳችሁ ቀይሩት

የሃይድሮሊክ ሆዝ፣ ማለትም በግፊት ያለ ዘይት ማሽኑ ውስጥ የሚያስተላልፈው ጎማ፣ ሥራ በሌለበት ቀን ፈንድቶ አያውቅም። ትራክተሩ ማረሻውን አንስቶ ሊዞር ሲል፣ ወይም የሎደሩ ባልዲ ግማሽ መንገድ ላይ እያለ "ጧ" ይላል። ከዚያ መሬቱ ዘይት በዘይት ነው። ስልክ ይደወላል፣ ባለሙያ ይጠበቃል፣ ማሽኑ ይገተራል፣ በመጨረሻ ሒሳብ ይመጣል።

ያንን ሒሳብ ዘርዝራችሁ አይታችሁት ታውቃላችሁ? ብዙ ጊዜ የሆዙ ዋጋ ትንሹ ነው። ገንዘቡን የሚበላው መመላለሱ፣ መፍታቱ፣ መልሶ መግጠሙና ማሽኑ የቆመበት ጊዜ ነው። እነዚህን ደግሞ ሁለት መፍቻና ትንሽ ትዕግሥት ያለው ሰው ይሠራቸዋል። የተለየ መሣሪያ የሚጠይቀው ጎማውን ከብረቱ ጫፍ ጋር ማያያዙ ብቻ ነው። ስለዚህ ከጉልበቱ ቆጥቡ፣ ከጫፉ ግን አትቆጥቡ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በዚህ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው።

መጀመሪያ ግፊቱን አውጡ

"ሞተሩን አጥፍቻለሁ" ብሎ መፍቻ ማንሳት የተለመደ ስህተት ነው። ሞተሩ ቢጠፋም መስመሩ ውስጥ ግፊት ታምቆ ይቀራል። የተነሳ ባልዲ ወይም ክንድ ካለ ደግሞ የዚያ ብረት ክብደት በሙሉ የተቀመጠው ዘይቱ ላይ ነው። ዳዶውን ስትፈቱ ዘይቱ ይወጣል፣ ብረቱም ይወርዳል። ሥር ያለው ሰው የት ይገባል?

የሚነሳውን ሁሉ መሬት ላይ አሳርፉት። ማሳረፍ ካልተቻለ በጠንካራ ድጋፍ አስደግፉት፤ ክሪክ ለብቻው ድጋፍ አይደለም። ሞተሩን አጥፉ። ከዚያ የመቆጣጠሪያ እጀታዎቹን በሁሉም አቅጣጫ ደጋግማችሁ ወዝውዟቸው፤ በመስመሩ የቀረው ግፊት በዚህ መንገድ ወደ ታንኩ ይመለሳል። አንዳንድ አዳዲስ ማሽኖች እጀታቸው በኤሌክትሪክ ስለሚሠራ ቁልፉ ክፍት ካልሆነ መወዝወዙ ብቻውን ምንም አያደርግም። የታንኩንም ክዳን ቀስ ብላችሁ ክፈቱ። ማሽኑ አኩሙሌተር ካለው፣ ማለትም ግፊት የሚያጠራቅም በጋዝ የተሞላ ጠርሙስ፣ የአምራቹ መጽሐፍ እንዴት እንደሚለቀቅ ሳይነግራችሁ አትንኩት። ዘይቱም ይቀዝቅዝ። ሲሠራ የዋለ ማሽን ዘይት ቆዳ ይልጣል።

ዳዶውን ስትፈቱ መጀመሪያ ሩብ ዙር ብቻ አላልታችሁ ጠብቁ። ዘይቱ ከተንጠባጠበ ቀጥሉ። "ፍስስ" ብሎ ከተረጨ ግን መልሳችሁ አጥብቁና ግፊቱ የት እንደቀረ ፈልጉ።

አሁን ደግሞ ከሁሉም የከፋው። በመርፌ ቀዳዳ የሚያህል ሽንቁር የሚወጣ ዘይት ቆዳ ይበሳል። ለዚህ 7 ባር ያህል ግፊት ይበቃል፤ ማሽናችሁ ደግሞ በ200 ባር ሊሠራ ይችላል። ሰውየው መጀመሪያ ላይ የሚያየው የትንኝ ንክሻ የመሰለ ነጥብ ነው፤ ብዙም ላያመው ይችላል። ዘይቱ ግን በሥጋው ውስጥ ተሰራጭቷል፤ ቶሎ በቀዶ ጥገና ካልጸዳ ጣት ወይም እጅ ያሳጣል። ይህ ከደረሰ "እስኪ እስከ ነገ ልየው" አይባልም። ወዲያው ሆስፒታል ሂዱና "ከፍተኛ ግፊት ያለው ዘይት ቆዳዬ ውስጥ ገብቷል" በሉ። ቃሉን በትክክል ተናገሩ፤ ነጥቧን ብቻ ያየ ሰው ፕላስተር ለጥፎ ሊሸኛችሁ ይችላል። ስለዚህ ፍሳሽ በእጅ አይፈለግም፤ ጓንትም አያድንም። ረዘም ያለ ካርቶን ያዙና ከሩቅ በመስመሩ ላይ አሳልፉት። ካርቶኑ ከረጠበ ወይም ከተበሳ ቦታውን አገኛችሁት።

ሆዙ ላይ የተጻፈውን አንብቡ

የወጣውን አሮጌ ሆዝ አትጣሉት። ጭቃውን በጨርቅና በናፍጣ ጥረጉለት። በርዝመቱ የሚሄድ ጽሑፍ ታያላችሁ፤ መታወቂያው እሱ ነው።

ከጽሑፉ የምትፈልጉት ነገር መጀመሪያ የውስጥ ስፋት ነው። ስፋቱ በኢንች ይጻፋል፣ ወይም ከፊቱ ሰረዝ ባለው ቁጥር ይገለጻል። ቁጥሩ የአንድ ኢንች አሥራ ስድስተኛ ነው፦ 4 ማለት 1/4 ኢንች፣ 6 ማለት 3/8፣ 8 ማለት 1/2፣ 12 ማለት 3/4፣ 16 ማለት 1 ኢንች። ከውጭ ለክታችሁ አትገምቱ። የውጭ ውፍረቱ ውስጡ ባለው የሽቦ ብዛት ይለያያል።

ቀጥሎ ዓይነቱ ነው። አር1 ወይም 1ኤስኤን የሚለው አንድ ድር የተጎነጎነ የብረት ሽቦ አለው፤ አር2 ወይም 2ኤስኤን ሁለት ድር። 4ኤስፒና 4ኤስኤች የሚባሉት ደግሞ አራት ድር ሽቦ የተጠመዘዘባቸው፣ ለከባድ ማሽን የተሠሩ ናቸው። ትራክተር፣ ትንሽ ሎደርና የእንጨት መፍለጫ ላይ በብዛት የምታገኙት ባለ አንድና ባለ ሁለት ድሩን ነው።

ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ዓይነቱ አንድ ሆኖ ስፋቱ ሲጨምር የሚችለው ግፊት ይቀንሳል። 2ኤስኤን በ1/4 ኢንች 400 ባር ይሠራል፤ በ1/2 ኢንች 275፣ በ1 ኢንች ደግሞ 165 ባር ብቻ። "ወፈር ያለውን ስጠኝ፣ ይጠነክራል" የሚለው እዚህ ቤት አይሠራም። የ275 ባር ትርጉም እንዲገባችሁ፣ የጣት ጥፍር በምታህል አንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ 280 ኪሎ ያህል ተጭኗል ማለት ነው። ጽሑፉ በፒኤስአይ (ፓውንድ በካሬ ኢንች) ከሆነ ለ14.5 አካፍሉት፤ 3000 ፒኤስአይ 207 ባር አካባቢ ነው። ሆዙ የሚፈነዳበት ግፊት ከሚሠራበት አራት እጥፍ እንዲሆን ተደርጎ ይሠራል፤ ያ ትርፍ ግን ለድንገተኛ ምት የተቀመጠ ስለሆነ አትቁጠሩት። አዲሱ ሆዝ ከማሽኑ ከፍተኛ ግፊት እኩል ወይም በላይ ይሁን፤ በታች በፍጹም።

የተሠራበትን ጊዜም ፈልጉ። ጎማ ተቀምጦም ያረጃል። ዲን 20066 የተባለው የጀርመን ደረጃ ያልተገጠመ ጥቅል ሆዝ ከ4 ዓመት በላይ እንዳይቀመጥ፣ ጫፍ የተገጠመለት ደግሞ የመጋዘን ጊዜውን ጨምሮ ከ6 ዓመት በላይ እንዳይሠራ ይመክራል። በርካሽ የሚቀርብላችሁ ጥቅል ብዙ ጊዜ ለምን እንደረከሰ ቀኑ ይናገራል።

ጽሑፉ ከጠፋስ? ከፈነዳው ቦታ ቆርጣችሁ የሽቦውን ድር ቁጠሩ፤ የውስጡን ስፋት በካሊፐር (ሚሊ ሜትር በሚለይ ባለ መንጋጋ መለኪያ) ለኩ፤ የግፊቱን ልክ ከማሽኑ መጽሐፍ አውጡ።

ጥርሱ፦ ሰው ሁሉ የሚሳሳትበት

የሆዙን ስፋት አውቆ የጫፉን ጥርስ ያልለየ ሰው ሁለት ጊዜ መመላለሱ አይቀርም። እኔ ሦስት ጊዜ ተመላልሻለሁ፤ ለአንዲት ሆዝ። ጥርሱ ይገባል፣ ሁለት ሦስት ዙር ይሄዳል፣ ከዚያ ይነክሳል። "ትንሽ ልጫነው" ብዬ የቫልቩን ጥርስ ልበላው ለጥቂት ተረፍኩ።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ሁለት ነገር መለየት አለባችሁ፦ ጥርሱን፣ እና ዘይቱ የሚታተምበትን፣ ማለትም እንዳይፈስ የሚዘጋበትን ቦታ። ብዙዎቹ ፊቲንጎች (የብረት ጫፎቹ) የሚያትሙት በጥርሱ አይደለም። ጥርሱ ጎትቶ ያጣብቃል እንጂ የሚዘጋው ሌላ ገጽ ነው።

ወንዱን ጫፍ፣ ጥርሱ በውጭ በኩል ያለውን፣ ተመልከቱ። ጫፉ ወደ ውጭ እንደ ሾጣጣ ከተሞረደና ብረት በብረት ላይ የሚቀመጥ ከሆነ ጄአይሲ የሚባለው ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ የሾጣጣው ማዕዘን 37 ዲግሪ ነው። ፊቱ ጠፍጣፋ ሆኖ ኦሪንግ (የጎማ ቀለበት) የተቀመጠበት ቦይ ካለው ኦአርኤፍኤስ ነው። ውስጡ ወደ ውስጥ የሰረገደ ሾጣጣ ከሆነ ቢኤስፒ ወይም ሜትሪክ ሊሆን ይችላል፤ በሜትሪኩ ላይ ማዕዘኑ ብዙውን ጊዜ 24 ዲግሪ፣ በቢኤስፒ 60 ዲግሪ ነው። ጥርሱ ራሱ ወደ ጫፉ እየቀጠነ የሚሄድ ከሆነ ኤንፒቲ ወይም ጥርሱ የሚቀጥነው የቢኤስፒ ዓይነት ነው።

ከዚያ ካሊፐር አንሱ። የወንዱን ጥርስ የውጭ ስፋት ለኩና በአንድ ኢንች ውስጥ ስንት ጥርስ እንዳለ ቁጠሩ። የጥርስ መለኪያ ምላጭ ከሌላችሁ 12.7 ሚሊ ሜትር ላይ ምልክት አድርጋችሁ ቁጠሩና በሁለት አባዙ። የ1/2 ኢንች ቢኤስፒ 21 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይለካል፤ 14 ጥርስ አለው። "1/2" የተባለው ለቧንቧው የውስጥ ስፋት የተሰጠ የጥንት ስም ነው እንጂ የምትለኩት አይደለም። የ1/2 ኢንች ሆዝ ላይ የሚገባው ጄአይሲ 8 ደግሞ 19 ሚሊ ሜትር ይለካል፤ 16 ጥርስ አለው።

ወጥመዶቹ ሁለት ናቸው። አንደኛ፣ የ1/2 ኢንች ቢኤስፒና የ1/2 ኢንች ኤንፒቲ ሁለቱም 14 ጥርስ ናቸው። የጥርሱ ማዕዘን ግን አንዱ 55 ሌላው 60 ዲግሪ ነው። ይጀምራሉ፣ የተስማሙ ይመስላሉ፣ ከዚያ ያንጠባጥባሉ። ሁለተኛ፣ ጄአይሲ 8 እና ኤስኤኢ 45 ዲግሪ የሚባለው በ1/2 ኢንች ላይ ፍጹም አንድ ዓይነት ጥርስ አላቸው። እስከ መጨረሻው ያለ ችግር ይጠብቃሉ። ሾጣጣዎቹ ግን አንዱ 37 ሌላው 45 ዲግሪ ስለሆነ በቀጭን መስመር ብቻ ይነካካሉ፤ ግፊት ሲመጣ ያለቅሳሉ።

በዚህ ሁሉ ራሳችሁን ማድከም ካልፈለጋችሁ ቀላሉ መንገድ ሆዙን ከነጫፉ፣ ከተቻለም የሚገባበትን ወንድ ጫፍ ፈትታችሁ ይዛችሁ መሄድ ነው። ሰው አፍ ላይ ከመተማመን ብረቱን ማሳየት ይሻላል።

ቴፍሎን ቴፕ? ጄአይሲ፣ ኦአርኤፍኤስና ውስጡ በሾጣጣ የሚያትም ቢኤስፒ ላይ አይጠመጠምም። የሚያትመው ሌላ ቦታ ስለሆነ ጥቅም የለውም፤ ተቀዶ የገባ ቁራጭ ግን ቫልቭ ይዘጋል።

ርዝመቱን መለካት

ርዝመት የሚለካው ከጎማው ጫፍ እስከ ጎማው ጫፍ አይደለም። ከአንዱ ፊቲንግ መታተሚያ ገጽ እስከ ሌላው መታተሚያ ገጽ ነው። ጫፉ ክርን (የታጠፈ) ከሆነ ደግሞ እስከ ክርኑ መውጫ መሐል ድረስ።

ሁለቱም ጫፍ ክርን ከሆነ አንዱ ከሌላው አንጻር ወዴት እንደሚያይ መመዝገብ አለበት። ለዚህ ቃል አይበቃም። አሮጌውን ሆዝ ሳይጠማዘዝ ካርቶን ላይ አስተኙት፣ ዙሪያውን በእስክሪብቶ ሥሉት፣ የክርኖቹን አቅጣጫ ምልክት አድርጉ። ፎቶም አንሱ፤ ከመፈታቱ በፊት ማሽኑ ላይ እንዳለ። አንዱ ጫፍ ቀጥ ያለና ዳዶው የሚሽከረከር ከሆነ ይህ ሁሉ ጣጣ አይኖርም።

አሮጌው ሆዝ ለሁለት ተበጥሶ ወይም ጠፍቶ ከሆነ በገመድ ወይም በወፍራም የኤሌክትሪክ ሽቦ መንገዱን ተከትላችሁ ለኩ። ሲሊንደሩ ሙሉ በሙሉ ሲወጣም፣ ሲገባም የሚሆነውን አስቡ። መለኪያው ረጅሙ ነው።

እዚህ ላይ የሠራሁትን ልንገራችሁ። አንድ ጊዜ ሁለት ፊቲንጎችን የሚያገናኝ ቀጥ ያለ ሆዝ ፈለግኩ። መሐላቸውን ለክቼ 100 ሴንቲ ሜትር ሆነ፤ 100 አሠራሁ። ሲገጠም ልክክ አለ፣ አምሮብኝ ነበር። በሳምንቱ ጫፉ ላይ ዘይት አየሁ። ሆዝ ግፊት ሲገባበት ርዝመቱ ይለወጣል፤ እስከ 4 በመቶ ሊያጥር፣ እስከ 2 በመቶ ሊረዝም ይችላል። የኔው ሜትር ግፊት በመጣ ቁጥር 4 ሴንቲ ሜትር ለማጠር እየሞከረ ፊቲንጉን ይጎትት ነበር። ላላ ብሎ ቅስት እንዲሠራ አድርጉት። ቅስቱም ጠባብ አይሁን፤ የ1/2 ኢንች ባለ ሁለት ድር ሆዝ ከ180 ሚሊ ሜትር ባነሰ ራዲየስ መታጠፍ የለበትም። ከፊቲንጉ አፍ ወዲያው መታጠፍም የለበትም፤ ትንሽ ቀጥ ብሎ ይሂድ። ቦታው ከጠበበ ሆዙን አትጨምቁት፣ ክርን ፊቲንግ ግዙ።

ጫፉን ማን ይሥራው?

ሦስት መንገድ አለ።

የመጀመሪያው ፈትታችሁ፣ ለክታችሁ፣ ፕሬስ (ፊቲንጉን ጎማው ላይ የሚጨምቅ ማሽን) ያለው ቦታ ወስዳችሁ ማሠራት ነው። አብዛኛው ሰው ሊመርጠው የሚገባው ይህንን ነው። ሥራው ደቂቃዎች ነው፤ የምትከፍሉት ለሆዙ፣ ለሁለቱ ፊቲንግና ለፕሬሱ ብቻ ነው።

ሁለተኛው በመፍቻ የሚገጠም፣ ተፈትቶም የሚመለስ ፊቲንግ ነው። ሲገዛ ከፕሬሱ ፊቲንግ ይወደዳል፤ ግን ሆዙ ሲያልቅ ብረቱን ፈትታችሁ አዲስ ጎማ ላይ ትመልሱታላችሁ። ፕሬስ ያለበት ቦታ ሩቅ ከሆነባችሁ ወይም ተመሳሳይ ሆዝ ደጋግሞ የሚያልቅባችሁ ከሆነ ይህ ሁነኛ ነው።

ሦስተኛው በእጅ ፓምፕ የሚሠራ ትንሽ ፕሬስ መግዛት ነው። በዓመት ሁለት ሆዝ ለሚቀይር ሰው ገንዘቡን አይመልስም። ብዙ ማሽን ካላችሁ፣ ወይም ከጎረቤት ጋር በጋራ ከገዛችሁት ያዋጣል። ከፕሬሱ ይልቅ የሚያስወጣው ለየስፋቱ ሻጋታውንና ፊቲንጉን ማከማቸቱ መሆኑን ግን አትርሱ።

በመፍቻ የሚገጠመውን ፊቲንግ መሥራት

ፊቲንጉ ሁለት አካል አለው፦ ጎማውን ከውጭ የሚይዝ ቀፎ፣ እና ወደ ጎማው ውስጥ የሚገባ ኒፕል። ቀፎው ለባለ አንድና ለባለ ሁለት ድር ይለያያል፤ ስትገዙ የሆዙን ዓይነት ተናገሩ። ባለ አራት ድሩን በቤት አትሞክሩት።

1. የጎማውን ርዝመት አስሉ። ፊቲንጉን ጎማው ጎን አስተኝታችሁ ጎማው በቀፎው ውስጥ እስከየት እንደሚደርስ እዩ። ከዚያ እስከ መታተሚያው ገጽ ያለውን ለሁለቱም ጫፍ ከጠቅላላ ርዝመቱ ቀንሱ። የቀረው የጎማው ርዝመት ነው።

2. የሚቆረጠውን ቦታ በቴፕ አጥብቃችሁ ጠቅልሉና በቴፑ መሐል ቁረጡ። ስስ የብረት ዲስክ ያለው ግራይንደር ጥሩ ይቆርጣል። ሴጌቶም ይሆናል፤ ግን ሽቦውን ያፈረፍረዋል፣ ቁርጡም ይጣመማል። ቁርጡ ልክ 90 ዲግሪ መሆን አለበት። መነጽር አድርጉ። የተቆረጠ ሽቦ ጫፍ እንደ እሾህ ስለሆነ በባዶ እጅ አትዳስሱት።

3. አንዳንዱ ፊቲንግ የውጭው ጎማ እንዲላጥ ይፈልጋል፣ አንዳንዱ አይፈልግም። የሚፈልገው ከሆነ ቀፎው ላይ ባለው ምልክት ልክ በቢላ ዙሪያውን ብጡና ሽቦው እስኪታይ አንሱ። ሽቦውን ግን እንዳትነኩት። የቀረውን የጎማ ፍርፋሪ በሽቦ ቡርሽ አጽዱ። የማይፈልገውን አትላጡ።

4. ቀፎውን ሞርሳ ላይ እሰሩ፤ እንዳይጨፈለቅ አታክርሩት። ጎማውን ወደ ግራ እያዞራችሁ አስገቡ። አዎ፣ ወደ ግራ፤ የቀፎው የውስጥ ጥርስ ግራኝ ነው። መሠረቱን እስኪነካ ከሄደ በኋላ ሩብ ዙር መልሱት።

5. ቀፎው አፍ ላይ ጎማው ላይ በቀለም መስመር አድርጉ። በሚቀጥለው ደረጃ ጎማው ወደ ኋላ ተገፍቶ ከወጣ መስመሩ ያሳብቅባችኋል።

6. ኒፕሉንና የጎማውን ውስጥ ማሽኑ በሚጠቀመው ዘይት በደንብ ቀቡ። እዚህ ላይ ዘይት አትንፈጉ፤ ደረቅ ኒፕል የውስጡን ጎማ እየላጨ ይገባል። ኒፕሉን ወደ ቀኝ አዙራችሁ አስገቡ። በባለ ስድስት ጎኑ ብረትና በቀፎው መካከል 1 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ሲቀር አቁሙ። የሚሽከረከረው ዳዶ በነፃነት መዞር አለበት።

7. በባትሪ መብራት ውስጡን እዩ። ኒፕሉ የጎማ ቅርፊት ገፍቶ ከሆነ ጫፉ ላይ እንደ ምላስ ተንጠልጥሎ ታዩታላችሁ። ያ ምላስ ዘይቱን ይዘጋል። ከሆዙ ውስጥ ትንሽ የምታንስ የብረት ኳስ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ማንከባለል ጥሩ ፈተና ነው። ኳሷ ከቆመች ፈትታችሁ ቁረጡና እንደገና ጀምሩ።

ፕሬሱ የራሳችሁ ከሆነ

ደንቡ አጭር ነው። ሆዙና ፊቲንጉ ከአንድ አምራች ይሁኑ። ጎማው ፊቲንጉ ውስጥ የሚገባበትን ጥልቀት አስቀድማችሁ ጎማው ላይ ምልክት አድርጉና እስከዚያ መግባቱን አረጋግጡ። አምራቹ ለዚያ ሆዝና ለዚያ ፊቲንግ የሰጠውን የመጨረሻ ስፋት ከሠንጠረዡ አውጡ። ጨምቁ፣ ከዚያ ቀፎውን መሐሉ ላይ፣ ሻጋታው በተወው ጉብታ ላይ ሳይሆን በጠፍጣፋው ላይ፣ ሦስት ቦታ በካሊፐር ለኩ። ትንሽ ከላላ መልሶ መጭመቅ ይቻላል። ከልክ በላይ ከጠበበ ግን ኒፕሉ ተጨፍልቋል፣ የውስጡ ጎማም ተቆርጧል፤ ቆርጣችሁ ጣሉት። "ለማንኛውም ትንሽ ልጨምርበት" የሚለው የእጅ አመል እዚህ ሆዝ ይገድላል።

ማጠብ

ይህን የሚዘለው ሰው ብዙ ነው፤ ሆዝ ቆጥቦ ፓምፕ የሚገዛው እሱ ነው። ስትቆርጡ የወጣው የጎማ ዱቄትና የብረት ብናኝ ውስጡ ተቀምጧል። ግፊት ሲመጣ ቀጥታ ወደ ቫልቩ ይሄዳል። ክር የማይተው ንጹሕ ጨርቅ ወይም ስፖንጅ ቁራጭ ጠቅጥቃችሁ በኮምፕሬሰር አየር ንፉበት። ጫፉን ወደ ሰው አታዙሩ፤ ቁራጩ እንደ ጥይት ነው የሚወጣው። ቁራጩ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ከሁለቱም በኩል ደጋግሙ። ከዚያ በንጹሕ ዘይት አለቅልቁና ሁለቱንም አፍ እስክትገጥሙት ድረስ ድፈኑት። ማሽኑ ላይ የተከፈቱትንም አፎች እንዲሁ።

መግጠም

ሁለቱንም ጫፍ መጀመሪያ በእጅ አስይዙ። ሆዙ ላይ ያለው ጽሑፍ እዚህ ሌላ ጥቅም አለው፦ ቀጥ ብሎ ከሄደ ሆዙ አልተጠማዘዘም፤ እንደ ወይን ሐረግ ከዞረ ተጠማዝዟል። የተጠማዘዘ ሆዝ ግፊት ሲመጣ ራሱን ለመፍታት ይታገላል፤ ወይ ዳዶውን ያላላል፣ ወይ ሽቦው ቶሎ ይበጠሳል። ስለዚህ ሁልጊዜ ሁለት መፍቻ፦ አንዱ የሆዙን ጫፍ ይይዛል፣ ሌላው ዳዶውን ያዞራል።

የመጥበቂያ ልክ ካላችሁ እሱን ተከተሉ። ከሌለ ጄአይሲን በእጅ እስኪቆም አጥብቁና በመፍቻ ከዳዶው ስድስት ጎኖች አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ጎን ያህል ጨምሩ። አንጠባጠበ ብሎ በረጅም ቧንቧ መጫን ሾጣጣውን ይሰነጥቀዋል። ኦሪንግ ያለበት ላይ ኦሪንጉን ሁልጊዜ በአዲስ ቀይሩ፤ ከሁሉም ርካሹ ዕቃ እሱ ነው።

ሆዙ ከብረት ጠርዝ ጋር እንዳይፋተግ አድርጉ። ሆዝ ብዙ ጊዜ የሚሞተው በግፊት ሳይሆን በመፋተግ ነው። ከዚህ በፊት የወጣ ወፍራም አሮጌ ሆዝ በርዝመቱ ሰንጥቁና በሚነካው ቦታ ላይ አልብሱት፤ በፕላስቲክ ማሰሪያ እሰሩት። ነፃ መከላከያ ነው።

ማስነሳትና መፈተሽ

የፈሰሰውን ዘይት ያህል ተመሳሳዩን ዘይት ሙሉ። ሞተሩን አስነሱና በዝቅተኛ ዙር ተዉት። ሸክም ሳይኖር የሲሊንደሩን ሙሉ መንገድ ቀስ እያላችሁ አምስት ስድስት ጊዜ አመላልሱ፤ በመስመሩ የገባው አየር በዚህ ወደ ታንኩ ይወጣል። ፓምፑ ካንጎራጎረ ወይም ዘይቱ አረፋ ከሠራ አየሩ ገና አልወጣም። የዘይቱን ልክ እንደገና እዩ።

ከዚያ ሲሊንደሩን እስከ መጨረሻ አድርሱና እጀታውን ጥቂት ሰከንድ ያዙት፤ መስመሩ ሙሉ ግፊቱን የሚያገኘው ያኔ ነው። ሆዙ አጠገብ ሰው አይቁም። ሞተሩን አጥፉ፣ ግፊቱን ልቀቁ፣ ጫፎቹን ጥረጉና ቀለሟን መስመር ተመልከቱ። ጎማው ከቀፎው ሚሊ ሜትር እንኳ ወጥቶ ከሆነ ያ ጫፍ አልያዘም።

እነዚህን አትሞክሩ

የፍሬን ሆዝ በቤት አይሠራም፤ የተሽከርካሪም የሞተር ሳይክልም። የፍሬን ዘይት ለሃይድሮሊክ ሆዝ ጎማ አይስማማም፤ ያብጣል፣ ይበላሻል። ሰው የሚያነሣ ማሽን ሆዝም ለባለሙያ ይተው።

ግፊት ባለው መስመር ላይ በካቻቢቴ የሚጠብቅ የጎማ ማሰሪያ ብረት አይሠራም። አንድ ወዳጄ "ሁለት ካሰርኩበት ይይዛል" ብሎ ነበር፤ የጋራዡን ግድግዳ ሲያጥብ ዋለ። ከታንክ ወደ ፓምፕ የሚሄደው መምጠጫና ወደ ታንክ የሚመለሰው መስመር ግን ዝቅተኛ ግፊት ስላላቸው አምራቹ ራሱ በማሰሪያ የገጠማቸው ሊሆኑ ይችላሉ፤ እዚያ ችግር የለም። መምጠጫው ላይ ግን ውስጡ ጥምዝ ሽቦ ያለውን ሆዝ ተጠቀሙ፤ ተራው ጎማ በመሳቡ ይጣበቅና ፓምፑን ያስርበዋል።

በፕሬስ የተጨመቀ ፊቲንግ ተፈትቶ ዳግም አይጨመቅም። የተሸበሸበውን ቀፎ በግራይንደር ሰንጥቆ ኒፕሉን አውጥቶ በአዲስ ቀፎ ለመጠቀም የሚያስቡ አሉ። ኒፕሉ አንዴ ተጨምቆ ቅርጹን ቀይሯል፤ ተዉት። የፈነዳ ሆዝ ላይ ቴፕ፣ ሙጫ፣ የብስክሌት ጎማ መጠቅለል ደግሞ ሽንቁሩን ይሸፍነዋል እንጂ አይደፍነውም፤ ዘይቱ ወዴት እንደሚረጭ ማወቂያችሁንም ይወስድባችኋል።

ሁሉም ሲያልቅ የአዲሱን ሆዝ ስፋት፣ ዓይነት፣ ርዝመትና የሁለቱን ጫፍ ጥርስ በማይለቅ ቀለም የማሽኑ ሽፋን ውስጠኛ ገጽ ላይ ጻፉት፤ ከነቀኑ። ከ10 ሰዓት ያህል ሥራ በኋላ ተመልሳችሁ ዳዶዎቹን ፈትሹ፣ ሆዙ የሚነካው ነገር ካለም እዩ።